ኳሱ የበረኛው ደረት ላይ ለሚያርፍበት ልጅ

እህቴ፣ የ15 ዓመት ልጅዎ ላክሮስ፣ ማለትም ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየቀለቡ ወደ ግብ የሚወረውሩበትን ጨዋታ፣ በጸደይ በሣር ሜዳ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ ቦክስ ላክሮስ የሚባለውን ዓይነት በአዳራሽ ውስጥ እንደሚጫወት ጽፈዋል። ክንዱ ብርቱ ቢሆንም ቦክስ ላይ ኳሱ ሁልጊዜ የበረኛው ደረት ላይ እንደሚያርፍ፣ አሠልጣኙም "ጠንክረህ ወርውር" እንደሚለው ነግረውናል። እኔ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ቦክስ እየተጫወትኩ አድጌ፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሰፈር ልጆችን በሣር ሜዳ ማሠልጠን ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ነገር ከአሠልጣኙ ጋር አልስማማም።

የሣር ሜዳው ግብ በቁመትም በወርድም 6 ጫማ ነው። የቦክሱ ቁመት 4 ጫማ ብቻ ነው፤ በላዩ ደግሞ በረኛው ከትከሻው እስከ እግሩ ድረስ ወፍራም መከላከያ ለብሶ ሲቆም ግቡን ሊሞላው ትንሽ ነው የሚቀረው። በሣር ሜዳ ፍጥነት ብቻውን ግብ ያስቆጥራል። በቦክስ ግን ረግቶ በቆመ በረኛ ላይ የተወረወረ ኳስ የቱንም ያህል ቢፈጥን ተመልሶ ይመጣል። አስቀድሞ በረኛው ከቦታው መነቃነቅ አለበት።

ይህ የገባኝ በ13 ዓመቴ ነው። አሠልጣኛችን አንድ ቀን ዱላዬን አስቀምጦ ከግቡ በስተኋላ፣ ሜዳውን ከከበበው መስታወት ጀርባ አቆመኝና "ኳሱን ተወው፤ የበረኛውን ጉልበትና ትከሻ ብቻ ተመልከት" አለኝ። ወርዋሪው ዱላውን ከፍ አድርጎ ትከሻውን ሲያዞር በረኛው ቀጥ ይላል፤ በእግሮቹ መካከል መዳፍ የምታህል ክፍተት ትታያለች። የዱላውን ራስ ወደ ወገቡ ሲያወርድ ደግሞ በረኛው ጎንበስ ይላል፤ ያን ጊዜ ከትከሻው በላይ መረቡ ወለል ብሎ ይታያል። ክፍተቱ የሚቆየው ዓይን እስኪጨፈን ነው። ግብ የሚሆኑት ኳሶች በዚያች ቅጽበት የተለቀቁት ነበሩ።

ስለዚህ ልጅዎ ማታለልን ይልመድ። ዱላ ማወዛወዝ ብቻውን ማታለል አይደለም፤ በረኛ የሚያምነው ትከሻንና ዓይንን ነው። ላይ አሳይቶ ታች፣ ታች አሳይቶ ላይ ይልቀቅ። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ሦስት ጊዜ የሚያታልል ልጅ ኳሱን ለተከላካይ ያስረክባል።

እጆቹን ከሰውነቱ ያርቅ። የላይኛው እጁ ደረቱ ላይ ከተለጠፈ ዱላው የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በረኛውም ያንን መንገድ ገና ከመነሻው ያውቀዋል። ኃይሉ ከእግርና ከዳሌ ይነሣ፤ የታችኛው እጅ ወደ ሰውነት ይሳብ፣ የላይኛው ይግፋ፣ የእጁ አንጓ በመጨረሻ ፈጠን ብሎ ይታጠፍ። የዱላውን መረብም ይመልከቱለት። በጣም ጠልቆ ከሆነ ኳሱ ዘግይቶ ስለሚወጣ ልጁ ካሰበው በታች ይሄዳል፤ ጥፋቱም የእጁ ይመስለዋል።

በሣር ሜዳ ሁለት ነገር ልጨምር። በረኛው ዱላውን ከአንድ ትከሻው አጠገብ ስለሚይዝ፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ዳሌው ዱላውን ለማድረስ የሚቸገርበት ቦታ ነው፤ ልጅዎ እዚያ ያነጣጥር። መሬት ነጥሮ የሚገባ ኳስም ጥሩ ነው፤ በቦክስ ግን የበረኛው የእግር መከላከያ ሰፊ ስለሆነ ብዙ አልመክረውም። ግራ እጁም መሥራት አለበት። ቦክስ ላይ ቀኝ እጁ የሚቀናው ልጅ በግራ በኩል ቆሞ ዱላውን ወደ መሐል አድርጎ ስለሚጫወት በአንድ እጅ ይኖራል። የሣር ሜዳ ተከላካይ ግን ያን ካወቀ ወደ ደካማው እጁ ይገፋዋል።

ቦክስ ለሣር ሜዳ ምን ይሰጣል ለሚል ሰው ሁልጊዜ የማነሣው ጋሪ ጌትን ነው። ከካናዳ፣ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያዋ ቪክቶሪያ የመጣውና ቦክስ እየተጫወተ ያደገው ይህ ተጫዋች በ1988 ለአሜሪካው ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ በሣር ሜዳ ሲጫወት ከግቡ በስተኋላ ዘልሎ ኳሱን ከግቡ አግዳሚ በላይ አሻግሮ ከተተው። በረኛው ፊት ለፊቱን ሲጠብቅ ኳሱ ከጀርባው መጣ።

ለሁለት ሳምንት ከግቡ 3 ሜትር ያህል ርቆ፣ በግማሽ ኃይል፣ አንድ ጊዜ እያታለለ በየቀኑ 50 ኳስ ይወርውር። እርስዎም ከጎን ሆነው በስልክዎ ይቅረጹት፤ ኳሱ ድፍን ጎማ ስለሆነ ከመረቡ ጀርባ ጠጋ ብለው አይቁሙ። ማታ አብራችሁ ስታዩት በበረኛው ዓይን ትከሻውን እንዲመለከት ይንገሩት።