የውሃ ሂሳብን በባንክ ካርድ ስለ መክፈል፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጡረተኛ ስሆን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ነው። በየወሩ የውሃ ሂሳብ ለመክፈል ሁለት ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከደረስኩ በኋላም ረጅም ሰልፍ ይጠብቀኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ «ሲስተም የለም» ተብዬ እመለሳለሁ። ጡረታዬ በባንክ ስለሚገባ ኤቲኤም ካርድ አለኝ። ባለፈው ወር በካርዱ መክፈል እችል እንደሆነ መስኮቱ ላይ ብጠይቅ፣ ጥሬ ገንዘብ አውጥቼ እንድመጣ ተነገረኝ። ሱፐርማርኬቱ የሚቀበለውን ካርድ የውሃ ክፍያ መስኮት የማይቀበለው ለምንድን ነው? ሰዎች «ዴቢት» እና «ክሬዲት» እያሉ የሚለዩትስ ምኑን ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ብንጀምር ሌላውን ለማስረዳት ይቀላል። እርስዎ የያዙት፣ በተለምዶ ኤቲኤም ካርድ የምንለው፣ የዴቢት ካርድ ነው። የሚከፍለው በራስዎ ሂሳብ ውስጥ ካለው ገንዘብ ብቻ ስለሆነ ጡረታዎ ካልገባ ካርዱም አይከፍልም። ክሬዲት ካርድ የሚባለው ግን ባንኩ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ የሚያበድርበት ሲሆን፣ ደንበኛው ዕዳውን በቀነ ገደቡ ካልመለሰ ወለድ ይታሰብበታል። በአገራችን በብዙ ሰው እጅ የሚገኘው የመጀመሪያው ነው። ከሁለተኛው ጋር የሚቀራረብ ነገር ከተፈለገ፣ ቴሌብር «እንደኪሴ» በሚል ስም የሚሰጠው፣ ሂሳብ ሲጎድል ሞልቶ የሚከፍል አገልግሎት አለ፤ እርሱም ብድር ነውና ክፍያ አለው። ውሃ በየወሩ የማይቀር ወጪ በመሆኑ የዚህን ወር ሂሳብ በብድር የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ወር ውሃውንም ብድሩንም ይከፍላል። ስለዚህ ጡረተኛ ለሆነ ሰው ለውሃ ሂሳብ መበደርን አንመክርም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ካርድ በሚቀበል ሱቅ ባለቤቱ ማወቅ የሚፈልገው ገንዘቡ መግባቱን ብቻ ነው። ካርዱ ፖስ በሚባለው የካርድ መክፈያ ማሽን ውስጥ ገብቶ የሚስጥር ቁጥሩ ሲመታ ጥያቄው ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይሄዳል። ማሽኑ የሌላ ባንክ ከሆነም ባንኮች በጋራ ባቋቋሙት በኢትስዊች በኩል ያልፋል፤ ባንኩ ሂሳቡን አይቶ ሲፈቅድ ወረቀቱ ይወጣል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። የውሃ ክፍያ ላይ ግን ገንዘቡ መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ በየትኛው የውል ቁጥር፣ ለየትኛው ወር ቢል እንደተከፈለ መታወቅ አለበት። ማሽኑ ከቢል መዝገቡ ጋር ካልተገናኘ ገንዘብ ተቀባይዋ የውል ቁጥሩን ለብቻው በእጇ ማስገባት ይኖርባታል፣ አንድ አሃዝ ከተሳሳተች ደግሞ የእርስዎ ገንዘብ የሌላ ሰው ዕዳ ሲዘጋ የእርስዎ ቤት ባልከፈሉት ዝርዝር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ማሽን ማስቀመጥ ቀላል ሲሆን፣ አድካሚው ሥራ ሁለቱን መዝገቦች ማገናኘት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የካርድ ክፍያ ራሱ ወጪ ያለው መሆኑ ነው። በዓለም ላይ በተለመደው አሠራር ካርድ የሚቀበል ድርጅት ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ጥቂት በመቶ ለባንክና ለካርድ አገናኙ ይተዋል። ይህ 2 በመቶ ነው ብለን ለምሳሌ ብንይዝ፣ ከ150 ብር ቢል ላይ 3 ብር ይሆናል። ታዲያ ይህን 3 ብር ማን ይሸፍን? በአሜሪካ ብዙ የውሃ አገልግሎት ድርጅቶች «የአመቺነት ክፍያ» በሚል በደንበኛው ላይ ይጨምሩታል፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን ከ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በተራ የግል ካርድ በሚከፍል ሰው ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ እንዳይጣል ከልክሏል። እኛም የአውሮፓው መንገድ ትክክለኛ ነው ብለን እናምናለን። ጥሬ ገንዘብም ቢሆን ያለ ወጪ አይሰበሰብም፤ የሚቆጥረው ሠራተኛ፣ የሚጠብቀው ዘበኛ፣ ወደ ባንክ የሚወስደው መኪና ሁሉ ይከፈልባቸዋል። ለእነዚህ ወጪዎች መስኮት ላይ የተለየ ጭማሪ ተጠይቆ አያውቅም። በፈረቃ የምትመጣ ውሃ እየጠበቀ፣ በጠፋች ቀን ከቦቴ በጄሪካን የሚገዛ የከተማ ዳር ነዋሪ፣ ለመክፈል መብቃቱ ራሱ ተጨማሪ ገንዘብ ሊያስከፍለው አይገባም።

ይህ ሁሉ ቢሟላና ነገ ማሽኑ መስኮቱ ላይ ቢቀመጥ እንኳ፣ እርስዎ ሁለቱን ታክሲ መያዝዎ አይቀርም። በፖስ ማሽን ለመክፈል ካርዱም ባለቤቱም እዚያው መገኘት አለባቸውና። መሐል ከተማ ለሚኖር ሰው ችግሩ ሰልፉ ሊሆን ይችላል፤ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለቦሌ አራብሳ ወይም ለየካ አባዶ ነዋሪ ግን ከሰልፉ ይልቅ የሚያደክመው መንገዱ ነው። ቀደም ሲል የውሃ፣ የመብራትና የስልክ ሂሳብ በአንድ ቦታ ይከፈልባቸው የነበሩት የ«ለሁሉ» ማዕከላትም ሦስቱን ሰልፍ ወደ አንድ በመሰብሰብ ብዙ ሰው አሳርፈዋል፣ ይሁን እንጂ ማዕከሉ ድረስ መሄድ ግድ ነበር።

ስለዚህ ለእርስዎ የተሻለው ካርዱን ትተው ካርዱ የሚያንቀሳቅሰውን ሂሳብ ከቤትዎ ሆነው መጠቀም ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር የውሃ ሂሳብ ይቀበላሉ። ዘመናዊ ስልክ ወይም ኢንተርኔት ባይኖርዎት በተራ ስልክ ለመጀመሪያው *127#፣ ለሁለተኛው *847# ደውለው ምርጫዎቹን ተከትለው መግባት ይቻላል። ጡረታዎ ከሚገባበት ባንክ ወደ ስልክዎ ሂሳብ ገንዘብ ማስተላለፍ የሚችሉበትን መንገድ ቅርንጫፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢያስመዘግቡ፣ ከዚያ በኋላ በእጅዎ መኖር ያለበት ቢልዎ ላይ የተጻፈው የውል ቁጥር ነው። ቁጥሩን አስገብተው ከማጽደቅዎ በፊት የሚታየው የደንበኛ ስምና የገንዘብ መጠን የእርስዎ መሆኑን ቀስ ብለው ያንብቡ፤ ክፍያው ሲያልቅ የሚመጣውን አጭር መልእክት ደግሞ ቢያንስ የቀጣዩ ወር ቢል እስኪመጣ ድረስ አያጥፉት።

ይህን ስንል መስኮቶቹ ይዘጉ ማለታችን አይደለም። የባንክ ሂሳብ የሌላቸው፣ የስልኩን ምርጫ ማንበብ የማይችሉ፣ ዓይናቸው የደከመ እናቶችና አባቶች በየብሎኩ አሉ፤ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል መስኮት ለእነርሱ ሊቆይ ይገባል። መስኮቱ ላይ የካርድ ማሽን መጨመሩንም እንደግፋለን። የጡረታ ገንዘብ ከኤቲኤም አውጥቶ በኪስ ይዞ በታክሲ መሄድ ለሌባ ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ በየካ አባዶ የብሎካችን ኮሚቴ አባል ነኝ። መንቀሳቀስ ለማይችሉ ጎረቤቶቼ ስል የአራት አረጋውያንን ኤቲኤም ካርድና የሚስጥር ቁጥር ይዤ ገንዘብ እያወጣሁ ውሃ እከፍልላቸዋለሁ። ልጄ ይህ አደጋ አለው ትለኛለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ እውነቷን ነው። ቅንነትዎን እናከብራለን፤ ግን በትክክለኛው የሚስጥር ቁጥር የወጣን ገንዘብ ባንኩ ባለቤቱ እንዳወጣው አድርጎ ስለሚወስደው፣ አንድ ቀን ከአንዳቸው ሂሳብ ላይ ገንዘብ ቢጎድል እርስዎ ንጽሕናዎን የሚያስረዱበት፣ እርሳቸውም ገንዘባቸውን የሚጠይቁበት መንገድ ይጠባል። ዛሬውኑ ካርዶቹን ለባለቤቶቹ ይመልሱ፣ የሚስጥር ቁጥራቸውንም እንዲለውጡ ይርዷቸው። በምትኩ የአራቱንም የውል ቁጥር በአንድ ወረቀት ይጻፉ። በውል ቁጥር ማንም ሰው የማንንም ውሃ መክፈል ይችላል፤ በውል ቁጥር ግን ከማንም ሂሳብ ገንዘብ ማውጣት አይቻልም። ገንዘቡን ከእጃቸው ተቀብለው ወይም በባንክ ተልኮልዎ በራስዎ ስልክ ይክፈሉላቸው፣ የመጣውንም መልእክት ያሳዩአቸው። ልጆቻቸው በውጭ አገር ያሉ ከሆነም ለወላጆቻቸው በባንክ ከሚልኩት ገንዘብ በዚሁ መንገድ መክፈል ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሂሳቤ ላይ ገንዘቡ ተቀንሶ ቢሉ ግን «አልተከፈለም» ይላል። ለዚያውም የሦስት ወር ንባብ ተደምሮ የመጣ ቢል ነው። ደግሜ ልክፈል?

መልስ፦ ደግመው አይክፈሉ። ግንኙነቱ መሐል ላይ ተቋርጦ ከሆነ ገንዘቡ ወደ ሂሳብዎ ሊመለስ ይችላል፤ ካልተመለሰ የክፍያውን መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና መጠኑን ይዘው በመጀመሪያ ወደ ከፈሉበት ባንክ ወይም አገልግሎት ይሂዱ። የሦስት ወሩ ድምር ግን የተለየ ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ ጋር አያደባልቁት። በአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ መጠን የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋም ከፍ ይላል፤ የሦስት ወር ንባብ እንደ አንድ ወር ከተሰላ ቤተሰቡ ባልደረሰበት ደረጃ ሊከፍል ይችላል። ፍጆታው ለሦስቱ ወራት ተከፋፍሎ መሰላቱን ይጠይቁ፣ ቆጣሪው ላይ የሚነበበውን ቁጥር ከነቀኑ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ከማመልከቻዎ ጋር ያያይዙ፤ ማመልከቻው ገቢ ሲሆንም ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ።