«ጓደኞቹን ላስጥለው ወይ?»

የ16 ዓመት ልጅዎ ቅዳሜ ማታ ከጓደኛው ልደት ሰክሮ መጣ። ጓደኞቹ በር ላይ አስቀምጠውት ሄዱ፤ እርስዎም እስኪነጋ አጠገቡ ቁጭ ብለው ትንፋሹን ሲያዳምጡ አደሩ። ጠዋት «ለምን ጠጣህ?» ሲሉት መልሱ «እኔ እንጃ» ብቻ ሆነ። ከጓደኞቹም ደውሎ እንዴት እንዳደረ የጠየቀው አንዱ ብቻ ነው። አሁን ሁሉንም ላስጥለው ወይ ይሉኛል።

እህቴ፣ «እኔ እንጃ» ሲልዎት የዋሸ አይመስለኝም። በዚህ ዕድሜ ልጅ ብቻውን ሲሆን የማይሞክረውን ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ዘው ብሎ ይገባበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ የጋርድነርና የስታይንበርግ ጥናት ይህንን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ አሳይቷል፦ ታዳጊዎቹ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ለአደጋ መድፈራቸው በጣም ጨመረ፣ አዋቂዎቹ ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ማንም «ጠጣ» ሳይለው፣ መታየቱ ብቻ ይበቃል።

ሌላም አለ። ታዳጊዎች እኩዮቻቸው ብዙ የሚጠጡ ይመስላቸዋል፣ እውነቱ ግን ከሚገምቱት ያነሰ ነው። አንዱ ሌላውን እያየ፣ ሁሉም የፈለገ መስሎት፣ ማንም ያልፈለገውን ብርጭቆ ይጨልጣል።

ስለዚህ «ለምን?» የሚለውን ይተዉትና ስለዚያች ደቂቃ ይጠይቁት። መጀመሪያ ማን ቀዳ? ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣ የቆየ ልጅ ነበር? ቁጣዎን ዋጥ አድርገው ይስሙት፣ ካልሆነ ሁለተኛ አይነግርዎትም። ጓደኞቹን ቢከለክሉትም ተደብቆ ያገኛቸዋል፣ እርስዎ ግን የት እንዳለ እንኳን አያውቁም። ይልቅ አንድ ምልክት ይስማሙ፦ በስልክ መልእክት አንዲት ነጥብ (.) ብቻ ከላከልዎት ደውለው «አሁኑኑ ና!» ይበሉት። ጥፋቱ በእርስዎ ይላከክ፣ እሱ ጓደኞቹ ፊት አያፍርም። ሲመጣም ያን ማታ ጭቅጭቅ የለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በላይ በላዩ የተጠጣ አልኮል ሁሉም ወዲያው ደም ውስጥ አይገባም፤ ልጁ ከተኛ በኋላም ስካሩ ሊብስ ይችላል። ሌላ ጊዜ ጠርተውት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ እስኪነጋ አይጠብቁ። በጎኑ አስተኝተው ወዲያው የሕክምና እርዳታ ይጥሩ። ቡና ወይም ቀዝቃዛ ሻወር ስካሩን አያበርድም።

ያ ደውሎ የጠየቀውን ልጅ ደግሞ በዚህ ሳምንት ቤት ይጥሩት።