ለልጅ የሚታዘዝ ምርመራና መድኃኒት መቼ ያስፈልጋል? ጥያቄና መልስ

ከወላጆች ለቀረቡ ጥያቄዎች አንድ የሕፃናት ሐኪም የሰጡት መልስ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የሦስት ዓመት ልጄ ባተኮሳት ቁጥር ደሟ ይመረመርና «ታይፎይድ አለባት» ይሉናል። ልጅን እንዲህ ደጋግሞ ታይፎይድ ይይዘዋል?

መልስ፦ እጅግ አጠራጣሪ ነው። በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ የሚፈልገው ተህዋሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ተህዋሱን ለመዋጋት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህ ደግሞ ሕመሙ ከዳነ በኋላ ለወራት በደም ውስጥ ሊቆይ፣ በሌላ ተህዋስ ምክንያትም ሊታይ ስለሚችል፣ የአንድ ጊዜ «ፖዘቲቭ» ውጤት ታይፎይድ ስለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። የተሻለው የደም ካልቸር፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለውን ተህዋስ በቤተ ሙከራ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ ነው፤ ሆኖም ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፣ በሁሉም ቦታም አይገኝም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ፣ ታይፎይድ የሚል ስም ከተሰጠ በኋላ የትኩሳቱን እውነተኛ መንስኤ የሚፈልግ ሰው መጥፋቱ ነው። ወባማ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ የወባ ምርመራ ሊታለፍ አይገባም፤ ምክንያቱ ላልታወቀ ትኩሳትም የሽንት ምርመራ ብዙ ጊዜ ከዊዳል ይልቅ ይጠቅማል። ሐኪሙን «ውጤቱ ሕክምናዋን ይለውጠዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ጉንፋንና ሳል ሲይዘው አሞክሳሲሊን ገዝቼ እሰጠዋለሁ። መርፌ ቢሆን ይሻለው ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱም አያስፈልጉትም። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያሳጥረውም፤ ትርፉ ተቅማጥ፣ ሽፍታና መድኃኒት የተላመደ ተህዋስ ነው። ሳንባ ምች ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ ስለዚህ ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገለጥ አድርገው፣ ደረትና ሆዱን እያዩ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰው፣ እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ በሌሊትም ቢሆን አይዘግዩ። መርፌ ለጠናበት ሕመም እንጂ ቶሎ ለመዳን ተብሎ የሚወሰድ አይደለም። ለሳሉ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ካለፈ፣ ማር ይበቃዋል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ተቅማጥ ሲይዛቸውስ?

መልስ፦ ኦ.አር.ኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት)፣ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ዚንክ፣ የለመዱት ምግብና የእናት ጡት። አንቲባዮቲክ የሚታሰበው ሰገራው ደም ካለው ወይም ኮሌራ ከተጠረጠረ ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። የአራት ዓመት ልጃችን ከሶፋ ወድቆ ግንባሩ አብጦ ነበር፤ ሐኪሟ ግን ሲቲ ስካን ሳታዝዝ ለተወሰኑ ሰዓታት አቆይታ አሰናበተችን። ቸል ብላን ይሆን?

መልስ፦ እንደገለጹልኝ ከሆነ በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነና በሰሜን አሜሪካ 25 የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች ከ42 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት፣ የትኞቹ ልጆች ያለ ሲቲ ስካን በደኅና ሊሸኙ እንደሚችሉ የሚለይ መመሪያ አስገኝቷል። ራሱን ያልሳተ፣ ያላስመለሰው፣ ብርቱ ራስ ምታት የሌለበት፣ እንደ ወትሮው የሚጫወት፣ የራስ ቅል ስብራት ምልክት የማይታይበትና ከዝቅተኛ ቦታ የወደቀ የእርስዎ ልጅ ዕድሜ ያለው ልጅ፣ ጽኑ የአንጎል ጉዳት የሚደርስበት ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። ሲቲ ስካን ጨረር አለው፤ ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ለጨረር ተጋላጭ ነው። ቤት ከገባችሁ በኋላ ግን ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ አካሄዱ ከተንገዳገደ ወይም ካንቀጠቀጠው ወዲያውኑ መልሳችሁ ውሰዱት፤ ያኔ ሲቲ ስካኑ አስፈላጊ ይሆናል።