ለሪል ስቴት ሥራ ማክ ወይስ ዊንዶውስ? ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ሽያጭ፣ የኪራይ አስተዳደርና የንብረት ግመታ ቢሮዎችን ኮምፒውተር መምረጥና ማስተካከል የዕለት ሥራዬ ነው። «የቱን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ስለሚነሳ ዛሬ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን የምትሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ስም ጻፉ። የፕሮግራሙ ስም ከሌለ የኮምፒውተሩን ስም ልነግራችሁ አልችልም።

አዲስ ወኪል፦ ጋሼ፣ ሥራ ልጀምር ነው። የትኛው ላፕቶፕ ይሻለኛል?

መላሽ፦ በየትኞቹ ፕሮግራሞች ልትሠራ? ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

የቤት ሻጭ፦ እኔ ማክ ነው የለመድኩት። የቤቶቹ ዝርዝር፣ የደንበኞች መዝገብ፣ የውል ፊርማ፣ ሁሉም በብሮውዘር ነው የሚሠራው። የቢሮ ሰዎች ግን «ሪል ስቴት ያለ ዊንዶውስ አይሆንም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መላሽ፦ ድሮ እውነት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ወኪሎች የቤት ዝርዝር የሚጋሩበት ኤምኤልኤስ የሚባለው ሥርዓት በብዙ ቦታ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሚባለውን የድሮ ብሮውዘር ካልተጠቀምሽ አይከፈትም ነበር። አክቲቭኤክስ በሚባል ቴክኖሎጂ ላይ ስለተሠራ ነው። እሱ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ወሬው የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11ን እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 አሰናብቶታል። አዶቤ ፍላሽ የሚባለው የድሮ የብሮውዘር ቴክኖሎጂም በ2020 መጨረሻ ቀርቷል። ያንቺ ሥራ በሙሉ በክሮም ወይም በሳፋሪ የሚያልቅ ከሆነ ማክ ይበቃሻል።

ነገር ግን «ይከፈታል» እና «ይሠራል» አንድ አይደሉም። ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ማክ ካለው ሰው ለአንድ ሰዓት ተዋሺና አንድ ቤት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዝግቢ። ፎቶዎቹን ጫኚ። ካርታው ላይ ድንበር አስምሪ። የመረጃ ወረቀቱን በፒዲኤፍ አውጪ። ውሉን ለፊርማ ላኪ። አብዛኛውን ጊዜ እንቅፋቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ሪፖርቱ በአዲስ መስኮት ሊከፈት ሲል ሳፋሪ ያግደዋል። ይሄ ከሴቲንግ ይስተካከላል። ሁለተኛው ፎቶ ነው። አይፎን ከ2017 ጀምሮ ፎቶ የሚያስቀምጠው ሄይክ በሚባል ዓይነት ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ ይሄን አይቀበልም። ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ፎርማትስ ግቢና «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጪ። ከዚያ በኋላ ፎቶው በጄፔግ ይቀመጣል።

ገማች፦ የኛ የግመታ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚጫነው። ማክ ገዝቼ ዊንዶውስ ብጭንበትስ?

መላሽ፦ ይሄን ጥያቄ እፈልገው ነበር። ሰው «ማክ ወይስ ዊንዶውስ» እያለ ይከራከራል። ዛሬ ልዩነቱን የሚፈጥረው ግን ውስጥ ያለው ቺፕ ነው።

ማክ በኢንቴል ቺፕ ይሠራ በነበረበት ዘመን ቡት ካምፕ የሚባል ነገር ነበረ። ዊንዶውስን በቀጥታ ማክ ላይ ትጭነዋለህ፣ በቃ እንደማንኛውም ፒሲ ይሆናል። አፕል በኖቬምበር 2020 ኤም1ን አወጣና የራሱን ቺፕ ጀመረ። በነዚህ ላይ ቡት ካምፕ የለም። ያለህ አማራጭ እንደ ፓራለልስ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ዊንዶውስን ማስነሳት ነው። ማይክሮሶፍትም በፌብሩዋሪ 2023 ይህን መንገድ በይፋ ፈቅዷል። የሚገባው ዊንዶውስ ግን የለመድከው አይደለም፣ ለኤአርኤም ቺፕ የተሠራው ዊንዶውስ 11 ነው። ኤአርኤም ከኢንቴልና ከኤኤምዲ የተለየ የቺፕ ዓይነት ነው፣ የአፕልም ቺፕ ከዚህ ወገን ነው።

ለኢንቴል የተጻፈ ፕሮግራም እዚያ ላይ በትርጉም ይሠራል፣ ማለትም ዊንዶውሱ የኢንቴሉን ትእዛዝ ወደ ኤአርኤም እየቀየረ ያስኬደዋል። ብዙው ደህና ይሄዳል። ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከስካነርና ከፕሪንተር ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም፣ ግን በትርጉም አይሠራም። የስካነርህ ድራይቨር፣ የአሮጌው ፕሪንተር ድራይቨር፣ ፕሮግራሙን የምትከፍትበት፣ የፈቃድ ቁልፍ የያዘው ፍላሽ ዲስክ ድራይቨር ለኤአርኤም ካልተሠራ አበቃ። ፕሮግራሙ ተጭኖ፣ ተከፍቶ፣ «የፈቃድ ቁልፍ አልተገኘም» ብሎህ ይዘጋል። ፍላሹ ግን ዐይንህ እያየ እዚያው ተሰክቷል።

ስለዚህ ለፕሮግራሙ ባለቤቶች «ማክ ላይ ይሠራል ወይ?» ብለህ አትጻፍ። «ዊንዶውስ 11 ኤአርኤም ላይ ትደግፋላችሁ ወይ? ችግር ሲገጥመኝ ትረዱኛላችሁ ወይ?» በል። መልሱን በኢሜይል ተቀበል። የስልክ ወሬ ማስረጃ አይሆንህም።

ማክ ወዳድ፦ ሰው አታስፈራራ እንጂ ወንድሜ። እኔ በፓራለልስ ነው የምሠራው። አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።

የቢሮ ኃላፊ፦ አንተ ብቻህን ነህ። እኛ ጋ አንድ ባልደረባችን እንዳንተ አደረገና የቢሮው ስካነር እምቢ አለው። ውል በመጣ ቁጥር የሰው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል።

ማክ ወዳድ፦ ስካነር ምን ያደርጋል? ስልክ አለ አይደል።

የቢሮ ኃላፊ፦ ፊትና ጀርባው የተጻፈበት ወፍራም ውል ገጽ በገጽ በስልክ አንሳና ታየዋለህ። አንድ ገጽ ቢዘለል ተጠያቂው ማን ነው?

ማክ ወዳድ፦ ውል በወረቀት የሚያስፈርም ቢሮ ነው መጀመሪያ መቀየር ያለበት።

የቢሮ ኃላፊ፦ ደንበኛው ወረቀት ከፈለገ ወረቀት ነው። ሰውየውን ልትቀይረው ነው?

መላሽ፦ በቃ፣ ተመለሱ። የወረቀቱን ነገር ሌላ ቀን ትጨርሱታላችሁ። ማክ ወዳድ፣ ላንተ መሥራቱን አልካድኩም። ያንተ ፕሮግራምና የገማቹ ፕሮግራም ግን አንድ አይደሉም። ገማች፣ መልስህ ኢሜይሉ ላይ ነው።

ገማች፦ ታዲያ ቡት ካምፕ ያለው ያገለገለ የኢንቴል ማክ ብገዛ አልገላገልም?

መላሽ፦ አትግዛ። ቡት ካምፕ በይፋ የሚደግፈው እስከ ዊንዶውስ 10 ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በማኩም በኩል፣ አፕል ኢንቴል ማክን የሚደግፈው የመጨረሻው ሥርዓት ማክኦኤስ 26 እንደሆነ አሳውቋል። በሁለት ወገን በሩ የተዘጋ ማሽን ነው። ግመታ ዋና ሥራህ ከሆነና ፕሮግራሙ ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ያለበት የዊንዶውስ ላፕቶፕ ግዛና ተገላገል።

ባትሪ ፈላጊ፦ እኔ ዊንዶውስ ነው የምገዛው፣ ስለዚህ ይሄ ሁሉ አይመለከተኝም። ባትሪው ረጅም ይቆያል ያሉኝን፣ ስናፕድራገን የሚባል ቺፕ ያለበትን መርጫለሁ።

መላሽ፦ በደንብ ይመለከትሃል! ስናፕድራገንም ኤአርኤም ነው። ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ በብዛት የመጡት እነዚህ ላፕቶፖች ከውጭ ሲታዩ ከሌላው አይለዩም። ባትሪያቸው ጥሩ ነው፣ የድራይቨሩ ጣጣ ግን ያው ነው። ሱቅ ውስጥ የተከፈተ ማሽን ካለ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ግባ። «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን መስመር አንብብ። «ኤክስ64» ካለ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ነው። «ኤአርኤም» ካለ ለገማቹ የነገርኩትን ኢሜይል አንተም ትጽፋለህ። ማክ ላይ ደግሞ ከላይ በግራ የአፕሏን ምልክት ተጫንና «አባውት ዚስ ማክ» በል። «ቺፕ» ብሎ ኤም1፣ ኤም2 እያለ ከጻፈ የአፕል ነው። «ፕሮሰሰር» ብሎ ኢንቴል ከጻፈ አሮጌው ነው።

ኢንቨስትመንት ተንታኝ፦ ኤክሴል ማክ ላይ ያው ነው አይደል?

መላሽ፦ ያው አይደለም። ተራ ሰንጠረዥ፣ ቀመርና ግራፍ ችግር የለውም። ማክሮም፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ሥራን በራሱ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ በአብዛኛው ይሄዳል። ብዙ መረጃ የሚተነተንበት ፓወር ፒቮት ግን ማክ ላይ የለም። የአክቲቭኤክስ ቁልፎች ያሉበት ፋይልም አይሠራም። የቢሯችሁ የኪራይ ገቢ መተንበያ ፋይል ላይ እነዚያ ቁልፎች ካሉ ማክ ላይ ሲጫኗቸው ዝም ይላሉ። የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ፕሮግራም አክሰስ ደግሞ ለማክ ወጥቶ አያውቅም። የድሮ የተከራይ መዝገባችሁ በአክሰስ ከሆነ ክርክሩ አለቀ፣ ዊንዶውስ ነው።

አዲስ ወኪል፦ ጋሼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ባጭሩ ለሪል ስቴት የሚሆን ጥሩ ላፕቶፕ አንድ ብቻ ይንገሩኝ።

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ሁለተኛ ጊዜህ ነው። ገማቹ ሪል ስቴት ነው፣ የቤት ሻጯም ሪል ስቴት ናት። መልሳቸው ግን ተለያየ። የፕሮግራም ስም ጻፍ!

የፕላን ባለሙያ፦ አውቶካድ፣ ሬቪትና ስኬችአፕ እጠቀማለሁ።

መላሽ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። አውቶካድና ስኬችአፕ ለማክም አሉ። ሬቪት ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ያለው ዊንዶውስ፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው።

ተማሪ፦ ክሮምቡክስ?

መላሽ፦ ክሮምቡክ በዋናነት በብሮውዘር ለመሥራት የተዘጋጀ የጉግል ሥርዓት ያለው ላፕቶፕ ነው። ሁሉ ነገርሽ በብሮውዘር ከሆነ ይበቃል። የዊንዶውስ ፕሮግራም አይጫንበትም። ያገለገለ ከሆነ አፕዴቱ የሚያበቃበትን ቀን እዪ።

ፎቶ አንሺ፦ ለቤት ፎቶ የትኛው ድሮን ይሻላል?

መላሽ፦ የኔ መስክ አይደለም።

የቢሮ ኃላፊ፦ ሜሞሪስ (ራም)? 8 ጊጋ ይበቃል ተብዬ ነበር።

መላሽ፦ ዊንዶውስ 11 ራሱ በ4 ጊጋ ይጫናል፣ ግን ማን ይሠራበታል? ኤምኤልኤሱ፣ ኢሜይሉ፣ ካርታውና ውሉ ባንድ ላይ ተከፍተው ነው የሚውሉት። 16 ውሰዱ። ማክ ላይ ፓራለልስ ካሰባችሁ ደግሞ 16 ዝቅተኛው ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ሥርዓቶች አንዱን ሜሞሪ ይካፈላሉ። የአፕል ቺፕ ያለው ማክ ላይ ሜሞሪ በኋላ አይጨመርም። የገዛችሁት ቀን የወሰናችሁት ነው።

ስክሪን ለምትጨምሩም አንድ ነገር ልበል። ማክቡክ ኤር ኤም1 እና ኤም2 የሚቀበሉት አንድ ተጨማሪ ስክሪን ነው። ኤም3 ሁለት ይቀበላል፣ ግን ላፕቶፑ ሲከደን ነው። ኤም4 ክፍት ሆኖም ሁለት ይቀበላል። ዝርዝሩን በአንዱ፣ ውሉን በሌላው እያያችሁ የምትሠሩ ይሄን ሳታዩ አትግዙ።

አዲስ ወኪል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ቢሮውን ጠየቅኩ። ኤምኤልኤስ በክሮም፣ የውል ፊርማ በክሮም፣ የኮሚሽን ሒሳብ በኤክሴል ከነማክሮው፣ እና የቢሮው ፕሪንተር።

መላሽ፦ አሁን ተግባባን። ሁለቱ በክሮም ናቸው፣ እነሱን ተዋቸው። የቀሩህ የኤክሴል ፋይሉና ፕሪንተሩ ናቸው። ፋይሉን ማክ ላይ ክፈተውና ያለፈውን ወር ኮሚሽን አስላበት። ቁጥሩ ቢሮ ካለው ጋር እኩል ከመጣና ፕሪንተሩ ለማክ ድራይቨር ካለው የፈለግከውን ግዛ። አንዱ እምቢ ካለ ዊንዶውስ፣ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ፣ 16 ጊጋ።

የኪራይ አስተዳዳሪ፦ አዲሱን ገዝቻለሁ። አሮጌውን ዛሬ አጥፍቼ ለልጄ ልስጠው?

መላሽ፦ ዛሬ አይሆንም እህቴ። መጀመሪያ አሮጌው ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ፈቃድ አንድ በአንድ ከማሽኑ አላቅቂ። አንዳንዱ ፈቃድ የሚሠራው በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ነው፣ ሳይላቀቅ ዲስኩ ከተደመሰሰ ለማስመለስ ከድርጅቱ ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ ነው። ከዚያ አዲሱ ላይ አንድ የወር መጨረሻ ሒሳብ ዝጊበት። የተከራዮቹ ደረሰኝ በትክክል ከወጣ አሮጌውን ደምስሺና ስጪው።