የድሮ ጌም ኮንሶሎችን መጠገንና ማዘመን፦ ጥያቄና መልስ

አሮጌ ኮንሶል ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ሆነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ክዳኑ የተነሳ ኮንሶል የማይታይበት ሳምንት የለም። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበርና ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ እነሆ።

ጥያቄ፦ ኤንኢኤሴን ሳበራው ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ቴሌቪዥኑም አብሮት ይበራል ይጠፋል። ዋናው ቺፕ ሞቷል፣ ይቀየር አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ማንም ምንም እንዳይቀይርልህ። በ1985 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ይህ የኒንቴንዶ ኮንሶል ውስጡ አንድ ጠባቂ ቺፕ አለው። ካሴቱ ውስጥም አቻው አለ። ሁለቱ ተነጋግረው ካልተግባቡ ጠባቂው በየሰከንዱ ገደማ ኮንሶሉን አጥፍቶ ያስነሳዋል። አንተ የምታየው ይሄንን ነው። የማይግባቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመሃላቸው ቆሻሻ ስላለ ነው።

መጀመሪያ ካሴቱን አጽዳ። ጥጥ አይሶፕሮፒል አልኮል አስነካና የካሴቱን የመዳብ ጥርሶች ጥረግ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሌላ ጥጥ፣ አሁንም ጥቁር። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አትተው። ካልነሳ ካሴቱ የሚሰካበትን ባለ 72 ፒን ማገናኛ አውጥተህ ጥቂት ደቂቃ ንጹህ ውሃ ውስጥ ቀቅለው። አዎ፣ ቀቅለው፤ ፕላስቲኩ ይችለዋል። ከዚያ ሙሉ ቀን አድርቀህ መልሰው። አዲስ ማገናኛ ለመግዛት አትቸኩል። ርካሾቹ ካሴቱን ነክሰው አይለቁም፣ እየቆዩም ጥርሱን ይፍቁታል። እኔ በደንብ የጸዳውን የፋብሪካውን ማገናኛ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ልጆች ሆነን ካሴቱን እፍፍ ስንለው ይሰራ ነበር። ለምን አትንፉ ይባላል?

መልስ፦ ይሰራ የነበረው ካሴቱን አውጥተን ደግመን ስለከተትነው ነው። ሲገባና ሲወጣ ጥርሶቹ ይፋተጋሉ፣ ይገናኛሉ። ትንፋሻችን ያተረፈልን እርጥበት ነው፤ እርጥበት ደግሞ መዳብ ያዝጋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ልወጣ የተቃረብኩ ሰው ነኝ። ለልጅ ልጄ ብዬ የጃፓን ፋሚኮም ገዛሁ፣ አዳፕተር ግን የለውም። የኤንኢኤስ አዳፕተር ቤት ውስጥ አለ። ጫፉም ልክክ ብሎ ይገባል። ልሰካው?

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ አይሰኩት። ጉዱ ያለው ጫፉ መግባቱ ላይ ነው። የኤንኢኤስ አዳፕተር የሚያወጣው 9 ቮልት ኤሲ ነው። ኤንኢኤስ ውስጡ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይር ክፍል ስላለው ችግር የለውም። በ1983 የወጣው ፋሚኮም ግን ያ ክፍል የለውም፤ የሚፈልገው 10 ቮልት ዲሲ፣ 850 ሚሊአምፒር ነው። ኤሲ ከገባበት ይቃጠላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፋሚኮም አዳፕተር ጫፍ ውስጡ ኔጌቲቭ፣ ውጪው ፖዘቲቭ ነው። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። አዳፕተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ የክብ ስዕል አይተው ይግዙ። የጃፓኑን ኦሪጅናል አዳፕተር ካገኙም ልብ ይበሉ፤ የተሰራው ለ100 ቮልት ነው። ግድግዳዎ 220 ከሆነ ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሳያገኙ አይሰኩት። ለጥገና ከሚመጡልኝ ኮንሶሎች መካከል በጣም የሚያሳዝኑኝ በአዳፕተር የተቃጠሉት ናቸው። ምንም ሳይሆኑ ሠላሳ ዓመት ቆይተው በአንድ ሰከንድ ያልቃሉ።

ጥያቄ፦ ጌም ጊር አለኝ። ይበራል፣ ግን ድምፁ ጠፍቷል። ምስሉንም አጋድዬ ካላየሁት አይታይም። ስክሪኑ ነው?

መልስ፦ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች) ናቸው። በ1990 ለወጣው የሴጋ የእጅ ኮንሶል ጌም ጊር ይሄ የታወቀ በሽታ ነው። ቦርዱ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ ቆርቆሮ መሳይ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ከዓመታት በኋላ ፈሳሹ እየወጣ መዳቡን ይበላዋል። ሶልደሪንግ አይረን (የብየዳ ብረት) ስታስጠጋቸው የዓሣ ሽታ ይመጣል። ያ ሽታ ካለ ፈስሰዋል ማለት ነው። ሁሉም ይቀየራሉ፤ ሁለቱን ቀይሮ ሌላውን መተው ድካም ነው።

የመጀመሪያውን ጌም ጊሬን ያበላሸሁት እዚህ ጋ ነው። አሮጌውን ካፓሲተር በፒንሳ ይዤ ጠመዘዝኩት። ካፓሲተሩ ወጣ፣ የቆመበትም የመዳብ ቁራጭ አብሮት ወጣ። ከጸጉር ትንሽ ወፈር የምትል ሽቦ ከቦርዱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ስቤ ነው ያዳንኩት፤ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። ስለዚህ አትጠምዝዝ፣ አትሳብም። በሁለቱም እግሮች ላይ አዲስ ሊድ (የሚቀልጠውን የብየዳ ሽቦ) ጨምር፣ እያፈራረቅህ አሙቅ፣ ራሱ ሲለቅ አንሳው። የፈሰሰውን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጽዳ። አዲሱን ስታስገባ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ እንዳይገለበጥብህ ሳትፈታው በፊት ፎቶ አንሳ። ቮልቱ ከአሮጌው እኩል ወይም በላይ ይሁን፣ ከዚያ በታች አይሁን። ብየዳ ይዘህ የማታውቅ ከሆነ ግን በዚህ አትጀምር። ከተሰበረ ሬዲዮ የወጣ ቦርድ ላይ ለአንድ ሳምንት ተለማመድ።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ልጅ ሆነን የጀመርነው ጌም ያለበት የሱፐር ኒንቴንዶ ካሴት አለኝ። ወንድሜ አሁን በሕይወት የለም። የእሱ ሴቭ (ያስቀመጠው ጨዋታ) እስካሁን አለ። ባትሪው አንድ ቀን ያልቃል ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። በመጀመሪያ፣ ሴቩ እስካሁን ካለ ጊዜ አለሽ ማለት ነው። ግን ብዙ አትቆዪ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ካሴቱ ውስጥ ሴቩን የሚይዝ ሜሞሪ አለ። ያ ሜሞሪ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት ሁሉንም ይረሳል። ኮንሶሉ ሲጠፋ የሚያቆየው አንዲት የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፤ በሱፐር ኒንቴንዶ ካሴቶች ብዙውን ጊዜ ሲአር2032። ሜሞሪው የሚወስድባት ኃይል እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሃያና ከዚያ በላይ ዓመት ትቆያለች። ቀጥታ አውጥቶ አዲስ የሚያስገባ ሰው ካገኘሽ ግን በዚያች ቅጽበት የወንድምሽ ሴቭ ይጠፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አደራ።

መጀመሪያ ሴቩ ይገልበጥ። ካሴቱ ተሰክቶበት ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የካሴት ማንበቢያ አለ። ካሴቱን ሳትከፍቺ ሴቩን እንደ አንድ ትንሽ ፋይል ያወጣልሻል። በሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጪው። ባትሪው የሚቀየረው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ባትሪ የብየዳ እግር ያለው ይሁን። እግር የሌለው ባትሪ ላይ በቀጥታ መበየድ ክልክል ነው፤ ሙቀቱ ሊያፈነዳው ይችላል። ባትሪው ገብቶ ካሴቱ ሲዘጋ፣ ፋይሉን በዚያው ማንበቢያ ወደ ካሴቱ መልሺው። ወንድምሽ የጻፈው ስም ባለበት ይቆይሻል።

በመንገዳችን፣ ለድሪምካስት ኮንሶል ባለቤቶችም ልንገራችሁ። እዚያ ውስጥ ያለው ባትሪ ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ነው፤ ኤምኤል2032 ይባላል። መልኩ አንድ ነው ብላችሁ ተራውን ሲአር2032 እንዳትበይዱበት። ቻርጅ የማይደረገውን ባትሪ ኮንሶሉ ቻርጅ ሊያደርገው ይሞክራል፣ ይሄ ደግሞ አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ አዲሱ ቴሌቪዥኔ ላይ የድሮ ኮንሶል ስሰካ ምስሉ ጭጋግ ይመስላል። በዚያ ላይ ስጫን ገጸ ባህሪው ዘግይቶ ይዘላል። ትንሽዋን የኤችዲኤምአይ መቀየሪያም ገዝቼ ምንም አልተለወጠም።

መልስ፦ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ ይሄ ነው፤ ረጋ ብዬ ላስረዳ። የዚያ ዘመን ኮንሶሎች አብዛኞቹ የሚልኩት 240 መስመር ያለው ሙሉ ምስል ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ። አዲሱ ቴሌቪዥን ይህን አይነት ምልክት በደንብ አያውቀውም። እንደ 480 መስመር ግማሽ ግማሽ ምስል ይቆጥረውና ሁለት ሁለቱን ሊያጣብቅ ይሞክራል። የማይጣበቀውን ሲያጣብቅ ምስሉ ይደበዝዛል። ሲያስብ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ የዘገየብህ ዝላይ እሱ ነው። ርካሿ መቀየሪያም ያንኑ ስህተት ነው የምትደግመው።

ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ቢጫውን ገመድ ተወው። ቀለሙንና ብርሃኑን በአንድ ሽቦ አጭቆ ስለሚልክ ከመነሻው የተበላሸ ነው። ሜጋ ድራይቭና የመጀመሪያው ሱፐር ኒንቴንዶ ምንም ሳይነኩ አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በየራሳቸው ሽቦ) ያወጣሉ። የሚያስፈልግህ ትክክለኛው ገመድ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ለዚህ ተብሎ የተሰራ ስኬለር (የምስል መቀየሪያ ሳጥን) ግዛ፤ ሬትሮቲንክ ወይም ኦኤስኤስሲ የሚባሉትን ፈልግ። 240ውን እንደ 240 አንብበው፣ እጅግ ባነሰ መዘግየት ወደ ኤችዲኤምአይ ይቀይሩታል። ቴሌቪዥኑንም ጌም ሞድ ላይ አድርገው።

ኮንሶሉ ውስጥ የሚበየድ የኤችዲኤምአይ ኪትም አለ። ኤንኢኤስ ላይ ትርጉም አለው፤ የምስል ቺፑ ራሱ አርጂቢ አያወጣም። ግን ስራው በጣም ጥቃቅን እግሮች ላይ ነው፣ ሲበላሽም ኮንሶሉን ይዞ ይሄዳል። አንድ ስኬለር ለሁሉም ኮንሶሎችህ ይሆናል። እኔ ብሆን ገንዘቤን እዚያ አውላለሁ።

ጥያቄ፦ ሽጉጡስ? ዳክዬ የምንመታበት ሽጉጥ አዲሱ ቲቪ ላይ እምቢ አለ።

መልስ፦ በስኬለርም አይሰራም። ቃታውን ስትስብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዒላማው ያለበት ቦታ ብቻ ነጭ ይሆናል። ሽጉጡ ያን ነጭ የሚጠብቀው በዚያችው ቅጽበት ነው። አዲሱ ቲቪ ዘግይቶ ያሳያል፣ ሽጉጡም ስቷል ይላል። ለእሱ የድሮው ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑን ግን እንዳትከፍቱት። ከሃያ ሺህ ቮልት በላይ የሚሰራ ነገር ነው፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኃይል ይቀራል። ይሄ ኮንሶል ጥገና ለሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚሆን ስራ አይደለም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጌም ቦዬ ስክሪን ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያሉ መስመሮች ጠፍተዋል። ስክሪን ከመቀየር ሌላ መፍትሄ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ደስ የሚል ስራም ነው። ከመስታወቱ ግርጌ አንድ ጠፍጣፋ ኬብል ተጣብቋል። በ1989 የተጣበቀው ሙጫ እየላላ መስመሮቹን ይለቃቸዋል። የስክሪኑን ሽፋን አንሳ፣ ኬብሉ ላይ ያለችውን የጎማ ዘንግ አውጣ። ጌም ቦዩን አብርተህ፣ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ያለ ሶልደሪንግ አይረን በኬብሉ ላይ ቀስ አድርገህ ከግራ ወደ ቀኝ ጎትት። በኃይል ግን አትጫነው፣ አንድ ቦታም አትቁም። መስመሮቹ ዓይንህ እያየ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ስንት ጊዜ ሰርቼው አሁንም ትንፋሼን ይዤ ነው የማየው።

ድንጋዮቹ ፈስሰውበት ከሆነ ያን አረንጓዴ ዝገት መጀመሪያ በጥቂት አቼቶ ጥረገው፣ ቀጥሎ በአልኮል።

ጥያቄ፦ እዚያው ጌም ቦይ ላይ አዲሱን ብርሃን ያለው ስክሪን ባስገባስ? ኦሪጅናልነቱን ማበላሸት ነው የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ አስገባ። የድሮው ስክሪን የራሱ ብርሃን የለውም፣ ሰው ደግሞ ኮንሶል የሚገዛው ሊጫወትበት ነው። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የማይመለስ ነገር አታድርግ። አንዳንዱ ኪት የፕላስቲኩን ውስጥ ቆርጠህ እንድታወጣ ይፈልጋል። ለሱ አዲስ የተሰራ ቀፎ ግዛና የፋብሪካውን ቀፎ ከነስክሪኑ በከረጢት አስቀምጥ። ድንጋይ ቶሎ እንደሚጨርስብህም እወቅ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሲገለበጥ ብቻ ነው የሚሰራው። ሌዘሩ አልቋል?

መልስ፦ የቀድሞዎቹ ሞዴሎች ላይ ሌዘሩ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ ይበላና ሌንሱ ያጋድላል። ስትገለብጠው ክብደቱ ያቃናዋል፤ ምስጢሩ ይሄ ነው። ሌንሱን በአልኮል አጽዳ፣ መንሸራተቻውን ጠርገህ ትንሽ ግሪስ ቀባ። ካልሆነ ሌዘሩ ከነመንሸራተቻው ይቀየር። ጎኑ ላይ ያለችውን የኃይል ማስተካከያ ብሎን መጠምዘዝ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ለጊዜው ያነባል፣ የሌዘሩን ዕድሜ ግን ያሳጥራል።

ጥያቄ፦ የ2001ዱ ኤክስቦክስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ደህና ነው የሚሰራው። ልንካው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ዛሬ ክፈተው። ከ1.0 እስከ 1.5 ባሉት ቦርዶች ላይ የሰዓት ካፓሲተር የምትባል አለች። ኮንሶሉ ተነቅሎም ቢሆን እየፈሰሰች ቦርዱን ትበላለች። አውጥተህ ጣላት፣ ቦታዋን በአልኮል እጠብ። ያለሷ ይሰራል፤ የምታጣው ሲነቀል ሰዓቱን መያዙን ብቻ ነው። የ1.6 ቦርድ ከሆነ ተወው።

ጥያቄ፦ ግራጫ የነበረው ሱፐር ኒንቴንዶ ቢጫ ሆነብኝ። ይነጣል?

መልስ፦ ፕላስቲኩ እሳት እንዳይዘው የተጨመረበት ብሮሚን ያለው ኬሚካል በብርሃንና በሙቀት ሲቆይ ነው ቢጫ የሚሆነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ያነጣዋል። ግን እኩል ካልተቀባ ዥንጉርጉር ይወጣል፣ ከዓመታት በኋላም ቢጫው ሊመለስ ይችላል። እኔ የራሴን በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ አጥቤ ተውኩት።

ጥያቄ፦ ኒንቴንዶ 64 አጽድቼ ገጠምኩት። አንድ ብሎን ተረፈኝ። ሳበራው ቀዩ መብራት ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ገደልኩት?

መልስ፦ አሁኑኑ አጥፋውና ንቀለው። አንድ ብሎን ከተረፈ ሌላም ቦርዱ ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት መስመር ካገናኘ ያቃጥላል። ክፈተው፣ ገልብጠህ ቀስ ብለህ ነቅንቀው፣ የሚንኳኳ ነገር ስማ። ምንም ከሌለ ከፊት ያለችውን ትንሽ ክዳን አንሳ። እዚያ የምትሰካ አንዲት ሜሞሪ መሳይ ነገር አለች። እሷ ከሌለች ወይም በደንብ ካልገባች ኒንቴንዶ 64 አይነሳም። አውጥተህ፣ ጥርሷን በአልኮል ጠርገህ፣ እስኪቆም ድረስ ግፋት። ከዚያ አብራውና ያየኸውን ጻፍልኝ።