ፎንት፣ እርሳስና ፊደል ለቃሚ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው «ፎንት ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?» በሚል ክርክር ተነስቶ ሰው እስከ መኮራረፍ ደርሶ ነበር። እኔ በወጣትነቴ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ፣ የብረት ፊደል አንድ በአንድ እያነሳሁ ቃልና መስመር የምደረድር፤ ዛሬ ደግሞ በኮምፒውተር መጽሐፍ አቀናብራለሁ። ሁለቱንም ስላየሁ የምችለውን ልመልስ፤ ጠይቁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ የጥምቀት ገንዳም «ፎንት» ነው የሚባለው። ቃሉ አንድ ነው እንዴ?

ሞክሼዎች ናቸው እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። የገንዳው «ፎንስ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ምንጭ ማለት ነው። የእኛው ፎንት ግን ከፈረንሳይኛ ነው የተወሰደው፤ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ማለት ነው። ማቅለጥ «ፎንድር» ነው፣ የብረት ማቅለጫው ቤት በእንግሊዝኛ «ፋውንድሪ» የሚባለውም ከዚያው ግንድ ነው። ስዊሶች ዳቦ የሚያጠቅሱበት የቀለጠ አይብ፣ ፎንዲዩ፣ የአጎቱ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ብረት እንዴት ፊደል ይሆናል?

በመጀመሪያ ፊደሉ በጠንካራ ብረት ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል። ያ ብረት መዳብ ላይ ሲመታ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። መዳቡ በእጅ በሚያዝ ቅርጽ ማውጫ ታች ይገጠማል፤ ከላይ የቀለጠ እርሳስ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ጋር ተደባልቆ ይፈስበታል። እርሳስ ብቻውን ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይደፈጠጣል፤ አንቲሞኒው ነው የሚያጠነክረው። በ1450ዎቹ በጀርመኗ ማይንትስ ጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱሱን ያተመው በእንዲህ ዓይነት ፊደል ነው።

አንዷን ፊደል በጣትሽ ብትይዣት በጎኗ ጭረት አለች። ለጌጥ እንዳይመስልሽ። ለቃሚው ፊደሏን አያያትም፤ ዓይኑ ረቂቁ ላይ ነው። ጭረቷን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ ፊደሏ ቀጥ ማለቷን ያውቃል። እኔ ዛሬም አንዳንዴ ሳላስበው የእስክሪብቶ ጎን ስዳስስ እገኛለሁ።

ታዲያ ፎንትና ታይፕፌስ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ጠቡ የተነሳው በዚህ ነው።

አዎ፣ አየሁት። በድሮው አነጋገር ታይፕፌስ የፊደሉ መልክ ነው። ፎንት ደግሞ የዚያ መልክ በአንድ መጠን የተቀለጠ ሙሉ ስብስብ፣ ማለትም በሳጥን ገብቶ የሚመጣው፣ በኪሎ የሚመዘነው ዕቃ ነው። ስለዚህ የአንድ መልክ ባለ 10 እና ባለ 12 መጠን ሁለት የተለያዩ ፎንቶች ነበሩ። ሁሉም ፊደል እኩል አይመጣም፤ በእንግሊዝኛው «ኢ» በብዛት ይመጣል፣ «ዜድ» ጥቂት ነው። እኛ ጋ «ት» ካለቀች ገጹ ይቆማል፤ የታተመው ፈርሶ ፊደሉ እስኪመለስ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣ ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ አንዱ ፋይል በፈለግነው መጠን መተለቅና ማነስ ቻለ፤ ልዩነቱ ትርጉም አጣ። በ1984 የወጣው የአፕል ኮምፒውተር፣ ማኪንቶሽ፣ የፊደል መልኮቹን በዝርዝር ሲያቀርብ በላዩ «ፎንት» ብሎ ጻፈበት፤ ብዙው ሰው ቃሉን የተማረው ከዚያ ነው። የእኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፣ «ደስ የሚል ፎንት» የሚልን ሰው አላርምም። ቃል ብረት አይደለም።

ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል «አፐር ኬዝ» እና «ሎወር ኬዝ» የሚባለውስ?

ኬዝ የፊደል ሳጥን ነው። ካፒታሎቹ ከላይ በተቀመጠው ሳጥን፣ ትንንሾቹ ለእጅ በሚቀርበው በታችኛው ይደረደሩ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

የእኛ ፊደልስ? ስንት ሳጥን ይበቃዋል?

የእንግሊዝኛ ለቃሚ 26 ፊደል በሁለት መልክ ይዞ ይሠራል። እኛ 33ቱን በሰባት ስናባዛ 231 እንደርሳለን፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ቆሞ የሚለቅም ሰው ክንዱ የማይደርስበት ሳጥን ይኖራል፤ ስለዚህ እግርም ይሠራል።

ግዕዝ በእርሳስ የታተመው ግን ቀደም ብሎ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ውስጥ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲዘምሩ ሰምቶ ቋንቋውን ተማረ፤ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን እዚያው አሳተመ። ቋንቋውን «ከለዳውያን» ብሎ መጥራቱን ይቅር እንበለው። በ1548 እና 49 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን፣ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ፣ አዲስ ኪዳንን በሮም አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ፦ የሚለቅሙት ሰዎች ማንበብ አያውቁም፣ ማንበብ የምናውቀው እኛ ደግሞ መልቀም አናውቅም ይላሉ። ስንት ጊዜ ይህን ይቅርታ ልዋሰው ፈልጌ ነበር!

ድሮ የጻፍኩትን የአማርኛ ፋይል ስከፍት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው የሚወጣው። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። በዚያ ዘመን የአማርኛ ፎንት ሠሪዎች ለግዕዝ የተመደበ ቦታ ስላልነበረ የእኛን ፊደል በእንግሊዝኛው መቀመጫ ላይ አስቀመጡት። ፋይሉ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ጭምብሉ ወለቀ። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ሠሪ በየራሱ መንገድ ነበር የደረደረው። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ የግጥም መድበል በዚህ ምክንያት እንደገና ጽፌያለሁ። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደሎች በኮምፒውተር ውስጥ የየራሳቸውን ቦታ የሚመድብ የጋራ ደንብ ነው፤ በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱ ቦታ የተሰጠው። የጻፍክበትን የድሮ ፎንት ፈልገህ ጫን፤ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ተጠቀም።

በፎንት ምክንያት ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል?

በ2017 ፓኪስታን ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤተሰብ ሀብት ሲመረመር በ2006 መጀመሪያ ተጻፈ የተባለ ሰነድ ቀረበ። የተጻፈው ካሊብሪ በሚባለው የማይክሮሶፍት ፎንት ነው። ካሊብሪ ደግሞ ለሕዝብ በሰፊው የተሠራጨው በ2007 ነው። መርማሪዎቹ ይህንኑ ያዙ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሥልጣን የወረዱት በሌላ ነጥብ ቢሆንም ወሬው ሁሉ ስለ ፎንቱ ሆነ።

የመጨረሻ፦ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም 12 አድርጌ አንዱ ከሌላው ገዝፎ የሚታየኝ ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ 12 የሚለካው ፊደሉን ሳይሆን ፊደሉ የተቀመጠበትን ብረት ነው። አንድ ኢንች በ72 ነጥብ ሲከፈል የብረቱ ቁመት 12ቱን ይይዛል ማለት ነው፤ በብረቱ ላይ ፊደሉን ምን ያህል ማግዘፍ የቀራጩ ምርጫ ነበር። ብረቱ ከጠፋ ቆየ፣ ልኩ ግን በማይታይ ብረት ላይ እንደቀጠለ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን እርሳው፤ ሁለቱን ቋንቋ አንድ መስመር ላይ ጽፈህ በወረቀት አውጣና አንዱን በግማሽ ነጥብ እየቀነስህ በዓይንህ አመዛዝን። በስክሪን ብቻ አትፍረድ።