የከባድ ቃጠሎ ሕሙማን የደም ምርመራ ምን ይነግረናል? ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ በድንገተኛና በቃጠሎ ሕክምና ለዓመታት ሠርቻለሁ። በዚህ ጉዳይ መጠየቅ የምትፈልጉ ጠይቁ ብዬ ነበርና ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚከተሉትን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ በቡታጋዝ እሳት ተቃጥሎ ተኝቷል። ደሙን ብቻ አይቶ ይተርፋል ወይም አይተርፍም ማለት ይቻላል?

መልስ፦ እግዜር ይማርልዎት። ደሙን ብቻ አይቶ መናገር አይቻልም። መጀመሪያ የሚታዩት ዕድሜው፣ ከገላው የተቃጠለው በመቶኛ፣ እንዲሁም ጭስ ወደ ሳንባው መግባት አለመግባቱ ናቸው። ዕድሜውና የቃጠሎው መቶኛ ይደመራሉ፤ ጭስ ከገባ ደግሞ 17 ይጨመራል። የ30 ዓመት ሰው 40 በመቶ ቢቃጠል 70፣ ጭስ ከገባ 87 ይሆናል ማለት ነው። ድምሩ በጨመረ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ የደም ምርመራው የሚነበበው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው።

ጥያቄ፦ አክስታችንን ከደቅ ደሴት በጀልባ አምጥተን ስንደርስ ላክቴቷ ከፍ ብሏል ተባልን። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ሰውነት በቂ ደምና ኦክስጅን ሳያገኝ ሲቀር ላክቴት የሚባል ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይከማቻል፤ በአንድ ሊትር ከ2 ሚሊሞል በላይ ሲሆን ያሳስበናል። ከመጀመሪያው ቁጥር ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ፈሳሽ በደም ሥር ከተሰጣት በኋላም አለመውረዱ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ የተቃጠለችበትን ሰዓት በትክክል ለሐኪሙ ንገሩ። በአንዱ የታወቀ ስሌት 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 40 በመቶ ብትቃጠል በ24 ሰዓት 9,600 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያስፈልጋታል፤ ግማሹ በ8 ሰዓት ውስጥ መግባት ያለበት ሲሆን፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ሆስፒታል ከደረሰችበት ሳይሆን ከተቃጠለችበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ጥያቄ፦ የልጄ ፕሌትሌት በሦስተኛው ቀን ወረደ፤ ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ይህን ጥያቄ ብዙ አባቶች የታጠፈውን የምርመራ ወረቀት ዘርግተው፣ በጣታቸው ቁጥሩን እያሳዩ ጠይቀውኛል። ፕሌትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ሲሆን፣ ጤናማ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ይኖረዋል። በከባድ ቃጠሎ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይወርዳል፤ የተጎዳው ገላ ይጠቀምበታል፣ የሚሰጠው ፈሳሽም ደሙን ያቀጥነዋል። የሚያገግም ሕመምተኛ ፕሌትሌቱ መልሶ ይወጣና በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ገደማ ከተለመደው ልክ እንኳ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መውረዱ ብቻ አያስደነግጥም፤ ወርዶ መቅረቱ፣ ወይም ከወጣ በኋላ ዳግም ማሽቆልቆሉ ግን የኢንፌክሽን ወደ ደም መዛመት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት መመርመር አለበት። የየቀኑን ወረቀት በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጡልን፤ አምስት ወረቀት ጎን ለጎን ሲታይ አንዱ ብቻውን የማይነግረንን ይነግረናል።

ጥያቄ፦ አልቡሚኑ ዝቅ ያለ ሰው እንቁላል ቢበላ ይስተካከላል?

መልስ፦ አልቡሚን ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን ነው። ቁስሉ እንዲድን ፕሮቲን በእጅጉ ያስፈልገዋልና መብላት ከቻለ እንቁላልም ዓሣም አብሉት። ሆኖም አልቡሚን በዋናነት የሚቀንሰው ከደም ሥር እየሾለከ ስለሚወጣና ጉበት ሥራውን ወደ ሌሎች ፕሮቲኖች ስለሚያዞር ነው፤ በምግብ ብቻ በቀናት ውስጥ አይመለስም።

ጥያቄ፦ እኛ ጤና ጣቢያ ላክቴት የሚለካ መሣሪያ የለም። ምን እንከታተል?

መልስ፦ ሽንቱን፣ በየሰዓቱ! ሰውነቱ በቂ ደምና ፈሳሽ ማግኘቱን እሱም ያሳያል። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሽናት አለበት፤ ለሕፃናት በኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ይታሰባል። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) አስገቡ፣ መጠኑን ከነሰዓቱ ጻፉና ወረቀቱን ከሕመምተኛው ጋር ላኩልን።